ከእትዬ ሐሊማ ጋር የሚሄደው ብልሽት

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ጥቂት ሽበት ሊኖረው ይገባል። እኔ የለኝም። ጡረታ የወጣሁትም እኔ ሳልሆን ሥራዬ ነው። ሞጆ ያለው መሥሪያ ቤት እኔ የምጠብቀውን ፕሮግራም ትቶ በኢንተርኔት የሚሠራ አዲስ አስገባ፤ እኔም ዘንድሮ አዳማ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና መምህር ሆንኩ። በቀደም አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር የምትሠሪው?» ብላ ጠየቀችኝ። «መስኮት አስተካክል ነበር» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ላስረዳ ጠመኔ ሳነሣ ደወል ተደወለ።

ስለዚህ እዚህ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። ቅደም ተከተል እኔንም ይረዳኛል፤ ካለፉት የሥራ ዓመታት አንዱ ጉዳይ እስካሁን በደንብ አልገባኝምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው እንበል። መሥሪያ ቤቱ ግን በየፍላሹ በሚመጣ ቫይረስ ተማርሮ ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊኑክስ ቀይሯል። ፕሮግራሙና ኮምፒውተሩ አይግባቡም። ስለዚህ በመካከላቸው አስማሚ የሚባል ሶፍትዌር ይገባል፤ ሥራው ማስተርጎም ነው። ለአዳማ ሰው አስተርጓሚ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንዱ በኦሮምኛ የተናገረውን ለሌላው በአማርኛ የሚያደርስ ሰው በየሰፈሩ አለ። አስማሚውም ቃሉን በደንብ ያደርሳል። የሚቸገረው በአቀማመጥ ነው። የትኛው መስኮት ከፊት ይሁን፣ የትኛው ከኋላ፣ ትንሹ መስኮት ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ትልቁ ይጠብቀው ወይስ ይቅደመው? ይህን የሚወስነው ሊኑክስ ውስጥ ያለ ሌላ ክፍል ነው። እንግዳው ፕሮግራም ደግሞ ያደገው በሌላ ቤት ሥርዓት ነው። የእኔ ሥራ ሁለቱን ሥርዓቶች ማስታረቅ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ገመቹ ናቸው። አዳማ መናኸሪያው አጠገብ፣ ፎቅ ላይ፣ ትንሽ የጥገና ድርጅት ነበራቸው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ደመወዙ ከወሩ ቀድሞ ያልቅ ነበር፤ ስለሱ ይህን ያህል ይበቃል። ስለ ልማዳቸው ግን ብዙ ማለት እችላለሁ።

ጋሽ ገመቹ ኮምፒውተር ሊጠግኑ ሲሄዱ መጀመሪያ ሁለት እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ኪቦርዱን አይነኩም። «ምን ተበላሸ?» ብለውም አይጠይቁም። የሚጠይቁት «ምን ልትሠሩ ነበር?» ብለው ነው። ሰውየው ነግሯቸው ሲጨርስ «እስቲ ይነሡልኝ» ይሉና በሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጠው የእሱን ሥራ መሥራት ይጀምራሉ። የሽያጭ ሠራተኛ ከሆነ ይሸጣሉ። ጸሐፊ ከሆነ ይጽፋሉ። ፊደል ለቀማ ላይ በጣም ዘገምተኛ ስለነበሩ ባለቤቶቹ ሲያዩዋቸው ይጨነቁ ነበር። እኔም እጨነቅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። እኔ ስቸኩል «ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ ማለት ነው። «ሱታ፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

መጀመሪያ የላኩኝ ቆቃ፣ ሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ማረፊያ ነው፤ እዚያ የነበረው የክፍል መመዝገቢያ መስኮት እንዲያንስ ቢለመን እምቢ ብሎ ስክሪኑን ሁሉ ይይዝ ነበር። ያ ቀላል ነበር። ቀጥሎ ከእሳቸው ጋር አቦምሳ፣ አንድ የእርሻ መድኃኒት መደብር ሄድን። ባለቤቱ «ፕሮግራሙ ጠፋ» አሉ። ከፍተው ያዩታል፣ አይታይም፤ እንደገና ይከፍታሉ፣ አይታይም። ጋሽ ገመቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ጠየቋቸው።

«በፊት ሁለተኛ ስክሪን ነበረዎት እንዴ?»

«ነበረ። ልጄ ወሰደው፤ ለቴሌቪዥን።»

«ፕሮግራሙ አልጠፋም። ስክሪኑ ወደነበረበት ሄዶ ቆሟል። አጥሩ እንደፈረሰ አልሰማም።»

በኪቦርድ ጎትተው መለሱት። መደብሩ ውስጥ የነበረ አንድ ገበሬ «እንግዲህ ከብትም እንዲሁ ነው፤ የለመደው በረት ይሄዳል» አለና መድኃኒቱን ይዞ ወጣ። እኔ በዚያን ጊዜ ሥራው የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሞጆ ተመደብኩ። ደረቅ ወደቡ አካባቢ ያለ የትራንዚት መሥሪያ ቤት ነው፤ ለነጋዴዎች የጉምሩክ ሰነድ ያዘጋጃል። ከፊት፣ በሩ ትይዩ፣ እትዬ ሐሊማ ይቀመጣሉ። ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ በረከት የሚባል እንደ እኔ ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ይቀመጣል። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የኮንቴይነሩን ቁጥርና የዕቃውን ዓይነት ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባሉ፣ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ሰነድ ያትማሉ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምሩ ናቸው፤ ጥብቅ ሰው። ካወጧቸው ሕጎች አንዱ የአንዱ ነጋዴ ሰነድ በሌላው እንዳይታይ የሚል ነበር። ሰው ወደ ጠረጴዛ ሲጠጋ ሠራተኛው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያለውን መስኮት ሁሉ ያወርዳል፤ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ሕጉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እኔም ስገባ አንብቤዋለሁ።

የእትዬ ሐሊማ ኮምፒውተር ስታክ ያደርግ ነበር። ዝም ብሎ ይቆማል። ትልቁ መስኮት ይታያል፤ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፤ ግን የትም ቢጫኑት አይመልስም። እሳቸው «በረከት፣ ቆመብኝ» ይላሉ፤ በረከት ሮጦ ይመጣና ፕሮግራሙን በግድ ይዘጋዋል። ያልተመዘገበው ሁሉ ይጠፋል። ውጭ ተሳቢውን አቁሞ የሚጠብቅ ሹፌር ደግሞ ይጮኻል። የበረከት ኮምፒውተር አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

አቶ ታምሩ ጠሩኝ። «ሲፈን፣ ሐሊማ በወረቀቱ ጊዜ የሚተካከላት አልነበረም። ኮምፒውተሩ ግን የከበዳት ይመስለኛል። መዝገብ ቤት ላዛውራት አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ቁርጡን ንገሪኝ፤ ከማሽኑ ነው ከእሷ?»

መዝገብ ቤቱ ከግቢው ጥግ ያለ፣ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ክፍል ነው። እትዬ ሐሊማ ይህን ሰምተዋል። ወደ ጠረጴዛቸው ስሄድ «ዶክተሯ መጣች» አሉኝ እየሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚያ ከገባሁ የሚያስታውሰኝ የለም፤ ደህና አድርገሽ እይልኝ» አሉ።

እኔም ደህና አድርጌ አየሁ። ቀኑን ሙሉ ከኋላቸው ቆምኩ፤ አልቆመም። በነጋታው ቆምኩ፤ አልቆመም። ሻይ ልጠጣ ስወጣ ቆመ። ስመለስ በረከት ዘግቶት አገኘሁት። እንግዲህ ሥርዓት ያለው ሙከራ ያስፈልጋል አልኩ። መጀመሪያ ሁለቱን ኮምፒውተሮች አቀያየርኩ። ብልሽቱ ከማሽኑ ከሆነ በረከት ጋ መሄድ አለበት። አልሄደም፤ የበረከት ማሽን እትዬ ሐሊማ ጋ ሲደርስ ቆመ። ታዲያ ቦታው ይሆን? የኤሌክትሪኩ መስመር? ሰዎቹን አቀያየርኩ። በረከት ከፊት ተቀመጠ፤ ምንም። እትዬ ሐሊማ ከኋላ ተቀመጡ፤ እዚያም ቆመባቸው።

ግራ ገባኝ። ፕሮግራሙን ነቅዬ እንደ አዲስ ጫንኩት። የአስማሚውን ስሪት ቀየርኩ። ጣቶቻቸውን ሳይቀር አየሁ፤ የሚጫኑት በረከት የሚጫነውን ነው፣ እንዲያውም ከእሱ በተሻለ ጥንቃቄ። በመጨረሻ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ፦ ብልሽቱ ከማሽኑም ከቦታውም ጋር አይሄድም፤ ከተጠቃሚዋ ጋር ይሄዳል።

አቶ ታምሩ ይህን ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ሁለት ሹፌሮችም በሩ ላይ ነበሩ። እትዬ ሐሊማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ገቡ።

ቅዳሜ አዳማ ሄጄ ለጋሽ ገመቹ ነገርኳቸው። ሙከራውን በዝርዝር አስረዳሁ፤ እንዲያውም በወረቀት ላይ ሣልኩላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ከእሷ ጋር ይሄዳል ብለሽ ጻፍሽ» አሉ።

«ይሄዳል እኮ።»

«እሺ። ምን ተሸክማ ነው የምትሄደው?»

«አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም» አሉና ሰኞ ሞጆ መጡ። እትዬ ሐሊማን ከመዝገብ ቤት አስጠርተው «ምን ልትሠሪ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። የሥራውን ሂደት ሁሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሕግ ጨምሮ፣ አስነገሯቸው። ከዚያ በእትዬ ሐሊማ ወንበር ላይ፣ ከፊት፣ በሩ ትይዩ ተቀመጡ። እኔን «አንቺ ከዚህ ሂጂ» አሉኝ። «ሁለት ሰው ኮምፒውተር ላይ ካጎነበሰ ማን ይጠጋል?»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ሽው አለብኝ። እኔ ከእትዬ ሐሊማ ኋላ በቆምኩባቸው ቀናት ባለጉዳይ ሁሉ የሚሄደው በረከት ጋ ነበር።

ጋሽ ገመቹ በሁለት ጣት ይለቅሙ ጀመር። ጥቂት ቆይተው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ገቡ። ጋሽ ገመቹ ቁልፉን ተጭነው ስክሪኑን ባዶ አደረጉና ተነሡ። «አካም ቡልተኒ?» ተባባሉ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ሽማግሌው ሄደው ወንበር ያዙ። ጋሽ ገመቹ ተቀምጠው ፕሮግራሙን ከስክሪኑ ግርጌ ጠሩት። ትልቁ መስኮት መጣ። ተጫኑት። አልመለሰም።

በረከት ልማዱ ነውና ሊዘጋው ከወንበሩ ተነሣ።

«ሱታ» አሉት። «አትንካብኝ።» እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቆይተው ሁለቱንም አወጡና በአንዱ ኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ ይዘው፣ በሌላው ትልቁን መስኮት በማውስ ወደ ጎን ጎተቱት። እንዲህ ሲጎተት የቆመ መስኮትም ይሄዳል፤ ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት የማሳያቸው ይህን ነው። ከኋላው ትንሿ መስኮት ተቀምጣለች። «ይህ መረጃ ይመዝገብ?» ትላለች። መልስ እየጠበቀች ነበር። ትልቁ ደግሞ እሷ መልስ ሳታገኝ ምንም ላለመስማት ወስኗል።

ላስረዳ። ሠራተኛው አንድ ኮንቴይነር አስገብቶ ሲጨርስ ፕሮግራሙ በትንሽ መስኮት ጥያቄ ያቀርባል። ያኔ ሰው ከገባና ቁልፉ ከተነካ ሁለቱም መስኮቶች ይወርዳሉ። ሲጠሩ ግን ትልቁ ብቻ ከፊት ይመጣል፤ ትንሿ ከጀርባው ትቀራለች፤ ግርጌ ካለው መደዳ ላይም ስሟ የለም። አስማሚው ጥያቄውን አድርሷል። ጠያቂዋን የት እንደሚያስቀምጥ ግን አላወቀም። እትዬ ሐሊማ ደግሞ ከሞጆ ከተማ እስከ ሎሜ ገጠር ድረስ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። ከኋላ ቢቀመጡም ሰው ፈልጎ ይመጣል። እሳቸውም ለመጣው ሁሉ ስክሪኑን ሸፍነው ይነሣሉ።

መፍትሔው ግን ወዲያው አልተገኘም። እኔ አስማሚው ውስጥ ያለ አንድ አማራጭ አውቅ ነበር፤ የፕሮግራሙን መስኮቶች ሁሉ በአንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ያጥራቸዋል፤ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይመጣሉ። አደረግኩት። መስኮቶቹ ተስማሙ፤ ነገር ግን የማተሚያው ገጽ ከሳጥኑ በታች ተቆርጦ ቀረ፤ «አትም» የሚለው ቁልፍ አይደረስበትም። ሳጥኑን ባሰፋው ደግሞ ከስክሪኑ ይወጣል። አንድ ቀን ሙሉ ከዚህ ጋር ታገልኩ።

አቶ ታምሩ ሲያዩኝ ቆይተው «ይሄ ሁሉ ለምን?» አሉ። «ሰው ሲመጣ ሐሊማ ከሩቅ ሰላም ትበልና ትቀመጥ። ስክሪኑን መሸፈንም መነሣትም አያስፈልግም። እንዲህ ካለች ነገ ወደ ቦታዋ ትመለስ።»

እትዬ ሐሊማ ተጠርተው መጡ። ሰሙና «አቶ ታምሩ፣ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ እዚያው ቁሙ ልበላቸው?» አሉ።

«ሥራ ነው እኮ ሐሊማ።»

«ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ተቀምጬ ሰላም የምለው ሕፃን ልጅን ነው። እንደዚያ ከሆነ መዝገብ ቤቱ ይሻለኛል፤ እዚያ የሚመጣ ሰው የለም፣ የማስቀይመውም የለም።» ወጡ።

አቶ ታምሩ ወደ እኛ ዞሩ። «እንግዲህ እስከ ዓርብ። ካልሆነ ሰኞ ቦታዋን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ጋሽ ገመቹ መኪና እስኪመጣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ጠየቁኝ። «እናንተ ቤት ሳሎኑ ተዝረክርኮ ሳለ እንግዳ በድንገት ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እቃውን እናነሣለን።»

«ጊዜ ከሌለስ?»

«ሌላ ክፍል እናስገባቸዋለን።»

ይህን እንዳልኩ እየሮጥኩ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሊኑክስ ላይ ከአንድ በላይ የሥራ ገበታ መክፈት ይቻላል፤ እንደ ሁለት ክፍል ነው። ያንኑ ቁልፍ መስኮቶቹን እንዳያወርድ አደረግኩት። ሲጫኑት ወደ ሁለተኛው፣ ባዶ ወደሆነው ገበታ ይወስዳል። ደግመው ሲጫኑት ይመልሳል። መስኮቶቹን ማንም አልነካቸውም፤ ስለዚህ ትልቁ በቦታው፣ ትንሿ ከፊቱ እንደተቀመጠች ትገኛለች። ስክሪኑ ለባለጉዳዩ ባዶ ነው። ዓርብ እስኪመሽ ጋሽ ገመቹ ባለጉዳይ እየሆኑ ደጋግመው በበሩ ገቡ፤ እኔ እየተነሣሁ ሰላም አልኳቸው። አልቆመም።

አቶ ታምሩ ሞክረው አዩትና እትዬ ሐሊማን «ሰኞ ተመለሽ» አሏቸው።

«እመለሳለሁ» አሉ። «ግን ዘገባው የተነበበው ሰው ፊት ነው። እርማቱም ሰው ፊት ይነበብልኝ።»

ቅዳሜና እሑድን እርማቱን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ዘገባ አውጥቼ የተሳሳተውን አረፍተ ነገር ልሰርዝ ፈለግሁ። አጣሁት። ማሽኑ ተቀይሯል፣ እውነት። ቦታው ተቀይሯል፣ እውነት። ብልሽቱ ከእሳቸው ጋር ይሄዳል፤ ይሄዳል እኮ። እያንዳንዱ ትክክል ሆኖ ሙሉው እንዴት ሐሰት ይሆናል? ለጋሽ ገመቹ ስልክ ደወልኩ። «ያየሽውን ጻፊ» አሉኝ። እኔ የመጀመሪያውንም የጻፍኩት ያየሁትን ነው።

ሰኞ ስብሰባው ላይ አቶ ታምሩ አነበቡት። አጭር ነበር። «ወይዘሮ ሐሊማ የመሥሪያ ቤቱን ሕግ አክብረው ሰው ሲጠጋ ስክሪኑን ይሸፍናሉ። አስማሚው ይህን በትክክል አያስተናግድም ነበር። አሁን ተስተካክሏል።» አንዱ ሹፌር በሩ ላይ ሆኖ «እኛ ተሳቢውን አቁመን የጠበቅነው ትንሽ መስኮት ተደብቃ ነው?» አለ፤ ጥቂት ሰው ሳቀ።

እትዬ ሐሊማ አልሳቁም። ወደ ኋላ ዞረው «በረከት» አሉ። «ከፊት ተቀምጠህ ሰነበትክ። ሰውም ይመጣብህ ነበር። አንተ ላይ ለምን አልቆመም?»

በረከት አንገቱን አቀረቀረ። እኔም ወደ በረከት፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው አየሁ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው አየ።

«ሸፍነህ ታውቃለህ?» አሉት አቶ ታምሩ።

«አንዳንዴ ይረሳኛል ጋሼ።»

«አንዳንዴ?»

«ሁልጊዜ ይረሳኛል።»

አቶ ታምሩ ሊናገሩ ሲነሡ እትዬ ሐሊማ እጃቸውን አነሡ። «አይቆጡት። እሱ ባይረሳ ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም መዝገብ ቤት ነበርን።»

ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ በረከትም ጭምር። አቶ ታምሩም ፈገግ አሉና ስብሰባው ተበተነ።

እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እያሰላሁ ነበር። በረከት ባይረሳ ኖሮ በሁለቱም ላይ ይቆም ነበር። በሁለቱም ላይ ቢቆም ችግሩ ከማሽኑ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን እናውቅ ነበር፤ ማንም መዝገብ ቤት አይገባም። ስለዚህ እትዬ ሐሊማ ያሉት ትክክል አይደለም። ወይስ አቶ ታምሩ ማሽኑን ትተው ሁለቱንም እንደሚያዛውሩ ያውቁ ስለነበር ነው እንዲያ ያሉት? ወይስ ልጁን ከቁጣ ለማዳን ብቻ? ይህን በቅደም ተከተል ላስረዳቸው ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ። ቦታቸው ላይ ተመልሰው ወንበሩን እያስተካከሉ ነበር።

«እትዬ ሐሊማ፣ ቅድም ስላሉት ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቆይ ልጄ» አሉ። በበሩ አንድ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ እየገቡ ነበር። እትዬ ሐሊማ ቁልፉን ነኩ፤ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ተነሡ።